ከምድጃው በፊት ያለው ሥራ ይታይ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የከተማችን ቆሻሻ ወደ ባዮቻር (በምድጃ ከስሎ አፈር ውስጥ ወደሚገባ ከሰል) ተቀይሮ በካርቦን ገበያ ሊሸጥ ይችላል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። ጽሑፉ ስለ ምድጃው ብዙ ነገረን። ስለ ገበያውም ብዙ ነገረን። ከሁለቱ በፊት ያለውን ሥራ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ተረፈ ምርቱ ተዘጋጅቶ ወደ ምድጃው እንደሚገባ ብቻ ነው የሚናገረው። ማን ያዘጋጀዋል? የት? በምን ክፍያ? እኔ የምውለው እዚያ ሥራ ላይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚሠራ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር አባል ነኝ። ከየቤቱ እንሰበስባለን። ከሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ከጫት መሸጫዎችና ከቡና ማበጠሪያም እንወስዳለን። ከሰበሰብነው ውስጥ የሚሆነውን ለይተን፣ አድርቀን፣ ቆራርጠን እናከስላለን። ምድጃችን አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የላሜራ ገንዳ ነው። እሳቱ ከላይ ይነዳል። ከሥር ያለው አየር ስለማያገኝ አመድ ሳይሆን ከሰል ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ውሃ እናፈስበታለን። ይህን ማንም ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ በፊት ያለውን መልመድ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። ተክል ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይወስዳል። ሲበሰብስ ወይም ሲነድ መልሶ ይለቀዋል። እንደ ቆሼ ባለ ክምር ሥር፣ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ደግሞ ሜቴን ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በ20 ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ገደማ ነው። ያው ተክል አየር ሳያገኝ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ቢከስል ግን፣ ከካርቦኑ ግማሽ ያህሉ በቀላሉ የማይበሰብስ ከሰል ሆኖ ይቀራል። አፈር ውስጥ ከገባ አብዛኛው ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ባዮቻር የሚባለው ይህ ነው። ከአየር የተወሰደ ካርቦን ተመልሶ እንዳይወጣ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ የራሱን ልቀት ማካካስ የሚፈልግ ድርጅት በካርቦን ገበያ ገንዘብ የሚከፍልበት።

ቆሼን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወደ ክምር የማይሄድ እያንዳንዱ ኩንታል ለእኛ ትርጉም አለው። የውጭ ገዢ ቢኖርም ባይኖርም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ከአንድ ግቢ የመጣ፣ ቆሻሻ የሞላበት የማዳበሪያ ከረጢት መለያ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ የሚታየው ይህ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ። የጥቅል ጎመን ቅጠል። የተረፈ እንጀራ ከነወጡ፣ ፌስታል ውስጥ ታስሮ። የቡና አተላ። የጫት ገረባ። ከከሰል ምድጃ የተጠረገ አመድ። ግቢ ሲጠረግ አብሮ የታፈሰ አፈርና ጠጠር። የሕፃን ዳይፐር። የሪሞት ባትሪ። የተሰበረ ብርጭቆ። ይህን ሁሉ የሚለየው እጅ ነው። ብርጭቆውንም ቀድሞ የሚያገኘው እጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከሁላችንም ታላቅ የሆኑ ሴት አሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። አዲስ ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ የሚነግሯት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ የታሰረ ፌስታል ሳትፈቺ እንዳታሳልፊ።» ልክ ናቸው። መጥፎው ነገር ሁሉ ታስሮ ነው የሚመጣው።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ያ ሁሉ ወደ ምድጃ የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። ጥቅል ጎመን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ቲማቲምም እንደዚያው። አንድ ኩንታል ጎመን ድርቅ ቢል 8 ኪሎ ያህል ነው የሚተርፈው። እሱ ቢከስል ቢበዛ 3 ኪሎ ከሰል ይወጣዋል። ያን ውሃ በእሳት ለማትነን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.6 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይጠይቃል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 18 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። ሒሳቡን ሥሩት። ሙቀቱ ምንም ሳይባክን እንኳ 13 ኪሎ ደረቅ እንጨት አንድደን 3 ኪሎ ከሰል ልናገኝ ነው። ይህ ከኪሳራም በላይ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው። ያን የሚያህል ማሽን እንኳ የሚቀርብለት ይኸው የእኛ እርጥብ ቆሻሻ ነው። ውሃውን ሳያተን ኃይል ሊያመነጭ አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ለሁለት መለየት ነው። ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ልጣጩ ወደ ኮምፖስት ይሄዳል። ገረባው፣ ሰጋቱራው፣ የቡና ገለፈቱ፣ የዛፍ ቅርንጫፉ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳው ወደ ማስጫ ይሄዳል። የተቀላቀለ ቆሻሻን እንዳለ የሚያከስል ማሽን አለን ብለው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። ሳይለይ የገባ ነገር ጥሩ ሆኖ አይወጣም።

ማድረቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚያ ነው። ያደግኩት ይርጋጨፌ አካባቢ ነው። እናቴ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስጥ ታገላብጥ ነበር። እዚያ የታጠበ ቡና መሬት ላይ አይሰጣም። በእንጨት ቋሚ ላይ ሽቦ ተወጥሮ፣ ነፋስ ከላይም ከሥርም እንዲያገኘው ተደርጎ ነው የሚሰጣው። ላፍቶ ውስጥ የሠራነውም ይህንኑ አልጋ ነው። ገረባውን ከአንድ ስንዝር በታች አሳስተን እናሰጣለን። በቀን ደጋግመን እናገላብጣለን። ማታ ሸራ እናለብሰዋለን። ካላለበስነው ጤዛው የቀኑን ድካም ገደል ይከተዋል።

መድረቁን ዐይን አይነግርም። ገረባ ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስንሰብረው ቀጭ ካላለ፣ ከታጠፈ፣ ገና ነው። ለመዝገብ ደግሞ ሚዛን አለን። ከስጡ ከተለያየ ቦታ እያነሳን 1 ኪሎ እንመዝናለን። አድቅቀን ቆርጠን፣ እሳቱን ቀንሰን፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ምጣድ ላይ እናደርቀዋለን። 850 ግራም ላይ ከቆመ 15 በመቶው ውሃ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውሃ ያለውን ምድጃ አናስገባም። እርጥብ ነገር ይጨሳል። ጭሱ ውስጥ ሜቴን አለ። ከአየር አስወገድን የምንለውን በሌላ በኩል መልሰን ልንለቅ ነው። ጭሱን የሚተነፍሱትም እኛና ጎረቤቶቻችን ነን። በደንብ የደረቀ ሲሆን ግን ጋዙ እዚያው ነበልባሉ ውስጥ ይቃጠላል። ከምድጃው በላይ ሙቀት እንጂ ጭስ አይታይም።

ክረምት ሲገባ ስጥ ይቆማል። ገረባው ሻጋታ ያወጣል። የሚያሳዝነው በቆሎ እሸት የሚጠበስበት ጊዜም ያው መሆኑ ነው። ቆረቆንዳው በየመንገዱ ዳር ይከመራል፤ እኛ ደግሞ የምናደርቅበት የለንም። ጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ቢኖር ችግሩ በአብዛኛው ይፈታል። ዕቃው ውድ አይደለም። ቦታው ነው ችግሩ። ቦታ በዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

አመዱና አፈሩስ? አፈር አይነድም፣ አይከስልም። ምድጃ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። የከሰሉን ክብደት ስለሚጨምር በሚዛን ያተረፍን ይመስላል። ግን 1 ኪሎ ካርቦን ከ3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ የሚቆጠረውም እሱ ነው። 70 በመቶው ካርቦን የሆነ አንድ ኩንታል ከሰል 257 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀምጣል። አፈር ገብቶበት ካርቦኑ ወደ 40 በመቶ ከወረደ ያው ኩንታል 147 ኪሎ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ የሚለካው ካርቦኑን እንጂ ኩንታሉን አይደለም። ስለዚህ ከስጥ በኋላ ሁሉም በሽቦ ወንፊት ይነፋል። አቧራው ከባድ ነው። የአፍ መሸፈኛ ሳይኖር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በወንፊት የማይለየው ነው። የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ ክሎሪን አለ። ከሌላው ጋር ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ከባትሪና ከቀለም የሚመጣ እርሳስ የተባለ ብረት በእሳት አይጠፋም። እንጨቱ ከስሎ ክብደቱ ሲቀንስ ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ጣውላ አንቀበልም፤ የቱንም ያህል ደረቅ ይሁን። ከጫማ ቤቶች የሚመጣ የቆዳ ቁርጥራጭም እንደዚያው። ቆዳ ኦርጋኒክ ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። ኦርጋኒክ ነው። ግን በክሮም የለፋ ነው፤ ሲቃጠል ክሮሙ ወደ መርዛማው ዓይነት ሊቀየር ይችላል። የእኛ ከሰል የሚሄደው ጎመን የሚበቅልበት አፈር ውስጥ ነው። ያንን ጎመን ልጆች ይበሉታል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

መቆራረጡ ላይ ብዙ አልልም። ገረባና ቅርንጫፉ በጣት ርዝመት ይቆረጣል። ሰጋቱራ ብቻውን ከገባ ይጠቀጠቅና አየርና ሙቀት አያሳልፍም፤ ከወፍራሙ ጋር ይደባለቃል። ውፍረቱ የተቀራረበ ሲሆን አንዱ አመድ ሳይሆን፣ ሌላው ጥሬ ሳይቀር፣ እኩል ይደርሳል።

አሁን ወደ ክፍያው። ለምንሰበስበው ቆሻሻ የሚከፈለን በኪሎ ነው፤ የከተማው የቆሻሻ ገንዳ ጋ ደርሶ ሲመዘን። እስቲ አስቡት። እርጥብ ቆሻሻ ከባድ ስለሆነ ያስከፍላል። የለየነው፣ ያደረቅነው፣ የነፋነው ደግሞ ቀላል ነው። ገንዳም ውስጥ ስለማይገባ ሳንቲም አያስከፍልም። ከተማዋ ማጓጓዝና መቅበር የሚቀርላት በእሱ ነው፤ የማይከፈለውም ለእሱ ነው። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ፌስታል ስትፈታ ብትውል ለዚያ ሥራ የተቀመጠ የክፍያ መደብ የለም።

ካርቦን የሚያገበያይ የአንድ ድርጅት ሰዎች ሊያዩን መጥተው ነበር። ምድጃው ሲነድ ፎቶ አነሱ። ሙቀቱን ጠየቁ። የከሰሉን ናሙና ወሰዱ። ይህ ጥሩ ነው፤ መለካት አለበት። ማስጫውን ግን በአጠገቡ አልፈውት ሄዱ። ኋላ የላኩልን የውል ረቂቅ ላይ ዋጋው የተጻፈው በቶን ባዮቻር ብቻ ነው። ጥሬ ዕቃው ያለ ዋጋ የሚገኝ ቆሻሻ ተብሎ በዜሮ ተይዟል። ዜሮ። የእትዬ እጅ፣ ማስጫው፣ ወንፊቱ፣ በዝናብ ሰዓት ሸራ ይዞ መሮጡ፣ ሁሉም ዜሮ ነው። በጣም ነው ያስቆጣኝ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ተነጋገረበትና ሳንፈርም ቀረን።

ካርቦን መሸጥ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ወላይታ ሁምቦ ላይ ሕዝቡ ወደ 2,700 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ፣ ዛፉ ከቀረው ጉቶ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ አደረገ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። ገቢው ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ደረሰ። ተራራውን የጠበቁት ሰዎች ከጉዳዩ ውጪ አልተደረጉም። ቆሻሻ ላይ ሲሆን ለምን ሌላ ይሆናል?

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል ውድ ነው። ያመረትነውን ፈጭተን፣ በማጣበቂያ ጠፍጥፈን ለማገዶ ብንሸጠው በማግስቱ ብሩ እጃችን ይገባል። የካርቦን ገንዘብ ግን ተለክቶ፣ ተመርምሮ፣ ተረጋግጦ ነው የሚመጣው። ወራት ይፈጃል። የቤት ኪራይ ደግሞ ወራት አይጠብቅም። ከቆሻሻ የተሠራ ማገዶ ከጫካ የሚቆረጠውን ዛፍ ስለሚተካ መልካም ሥራ ነው፤ የሚሠሩትን አከብራለሁ። ነገር ግን ሲነድ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። ስለዚህ ካርቦን አስወገድን ሊባልበት አይችልም። አፈር ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ ገዢ፣ ከሰሉ እስኪለካ ድረስ አዘጋጁ በምን እንደሚኖር ማሰብ አለበት። ቅድመ ክፍያ ይኑር የምንለው ለዚህ ነው።

አፈር ውስጥ መግባቱ ደግሞ ለእኛው ይጠቅመናል። ከሀገራችን የእርሻ መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው። ገበሬው ኖራ ይፈልጋል፤ በበቂ አያገኝም። ባዮቻር ኖራን አይተካም። ግን አሲዱን ያለዝባል፤ ውሃና ማዳበሪያ ይዞ ያቆያል። ጥሬውን መበተን ግን አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ከአፈሩ ናይትሮጅን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሰብሉ ይገረጣል። እኛ ከኮምፖስቱ ጋር አብረን እናብላላዋለን። ጠረጴዛው ላይ የተለያዩት ጎመንና ገረባ እዚያ መልሰው ይገናኛሉ። የኮምፖስቱ ሽታ ይቀንሳል፤ ወደ አየር የሚባክነውም ናይትሮጅን እንደዚያው። በወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አንዴ ወስደው ተመልሰው ሲጠይቁን ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልበል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁንም ከአብዛኛው ቤት የሚወጣው አንድ ማዳበሪያ ነው። ሁለት ይሁን። አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለቀረው። አመድና ባትሪ ከምግብ ጋር አይቀላቀሉ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የእኛን ሥራ ግን በእጅጉ ያቀላል፤ እጃችንንም ከብርጭቆ ያድናል።

ወረዳና ክፍለ ከተማ ለሰብሳቢ ማኅበራት በኪሎ ሲከፍሉ፣ ገንዳ ሳይገባ ለተለየውም የሚከፈልበት መንገድ ይበጅለት። ሚዛኑ አለ፣ መዝገቡ አለ። ለማድረቂያ የሚሆን ቦታ ይታሰብ፤ ትልቅ አይደለም የምንለው።

ካርቦን ገዢዎችና አገናኞች ደግሞ ውል ሲያዘጋጁ የመለየትና የማድረቅ ሥራው በራሱ መስመር ይጻፍ። ዋጋው በደረቅ ኪሎ ይሁን፤ እርጥበቱ ተለክቶ፣ ክፍያው ምድጃ ከመግባቱ በፊት። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና የቴታነስ ክትባት ከወጪው ውስጥ ይቆጠር። ይህ ያለበት ውል ከመጣ ማኅበራችን ለመፈረም ዝግጁ ነው።

ለጋዜጣችሁም ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጠኛ ላኩልን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን። ከምሳ በፊት ቢመጣ ይሻላል፤ ማዳበሪያው የሚዘረገፈው ያኔ ነው። ጓንት እኛ እንሰጠዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር አባል፣ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)